ያረጀ ቤት ተከራይቶ ምግብ ቤት መክፈት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አዲስ አበባ፣ ከሰባራ ባቡር ዝቅ ብሎ ባለ አሮጌ ጭቃ ቤት ውስጥ ስድስት ጠረጴዛ ያላት ቁርስና ምሳ ቤት አለችኝ። ቤቱን ስከራየው ኮርኒሱ አቡጀዲ፣ ወለሉ ጣውላ ነበር። ግድግዳው ሲፋቅ ደግሞ ከቀለሙ ሥር የተለጠፈ አዲስ ዘመን ጋዜጣ ወጣ። ከዚያ ወዲህ በፒያሳ፣ በአራት ኪሎና በካዛንቺስ እንዲህ ያለ ቤት የተከራዩ ወይም ሊከራዩ ያሰቡ ሰዎች ቡና እየጠጡ ይጠይቁኛል። ጥያቄዎቹ ስለሚደጋገሙ መልሶቹን እዚህ አስፍሬያቸዋለሁ። ለፍታችሁ ያጠራቀማችሁት ገንዘብ የሰው ግድግዳ ውስጥ ቀልጦ እንዳይቀር ከልቤ እፈልጋለሁ።

ቤቱን ሳየው መጀመሪያ ምኑን ልመልከት?

እግሩን። ብዙ ሰው ቀና ብሎ ጣሪያውን፣ ዞር ብሎ መንገዱን ያይና ይወስናል። ጭቃ ቤት ግን የሚሞተው ከእግሩ ነው። ቋሚው ባህር ዛፍ ስለሆነ መሬት የገባው ጫፉ በእርጥበት ይበሰብሳል ወይም ምስጥ ይበላዋል። ከላይ ያለው ክፍል ግን በማገርና በጭቃ ስለተያያዘ ጤነኛ መስሎ ለዓመታት ይቆማል።

ካቻቢቴ ይዛችሁ ሂዱ። ማዕዘኖቹ ላይና በበሩ መቃን ሥር ጎንበስ በሉ፣ ልስኑን ጫር ጫር አድርጉና ቋሚውን ውጉት። ደህና እንጨት ካቻቢቴውን ይመልሰዋል፤ የበሰበሰ ከሆነ እንደ ዳቦ ይገባል። እኔ ቤቱን እንዲያይልኝ የወሰድኳቸው ሽማግሌ አናጢ ገና በሩ ላይ «ልጄ፣ መጀመሪያ እግሩን እንይለት» ብለው ተንበረከኩ። ከአሥራ አንዱ ቋሚ አራቱ ከጉልበት በታች ባዶ ነበሩ። ይህ ማለት ቤቱን ተዉት ማለት አይደለም። ጣሪያውን በባላ ደግፎ፣ የበሰበሰውን ቆርጦ፣ ቋሚውን አንድ በአንድ በድንጋይና በሲሚንቶ መሠረት ላይ ማሳረፍ ይቻላል። ግን ሥራውም ወጪውም ከባድ ስለሆነ የኪራይ ድርድር ከመጀመራችሁ በፊት ልታውቁት ይገባል።

ሁለተኛው ነገር ውሃ ነው። ከተቻለ ዝናብ በጣለ ማግስት ሂዱ። በበጋ ከሆነ ኮርኒሱ ላይ ቡናማ ክብ ክብ እድፍ፣ ግድግዳው ሥር ያበጠ ቀለም ፈልጉ። አሸንዳው ውሃውን የት እንደሚጥለው ተከተሉት። የከተማው መሀል አሮጌ ቤቶች ደግሞ አንድ የጋራ ችግር አላቸው፤ መንገዱ አስፋልትና ኮብልስቶን እየተደራረበበት ከፍ ሲል ወለላቸው ከመንገዱ በታች ይቀራል። እንዲህ ከሆነ የክረምት ጎርፍ በበሩ አልፎ አይሄድም፣ ገብቶ ያርፋል። ከበሩ ፊት ፍርግርግ ክዳን ያለው የውሃ መውረጃ ቦይ ማስቆፈር ይቻል እንደሆነ አስቀድማችሁ አጣሩ።

ቤቱ የማን እንደሆነ እንዴት ላረጋግጥ?

በመሀል ከተማ ይህ ጥያቄ ቀላል አይደለም። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ሲያደርግ፣ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት በቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት በኪራይ ቤቶች ሥር ገቡ። የኪራይ ቤቶቹ ዛሬ የፌዴራል ቤቶች ኮርፖሬሽን ናቸው። ስለዚህ የምታዩት ቤት የግል፣ የቀበሌ ወይም የኮርፖሬሽኑ ሊሆን ይችላል።

ቁልፍ የያዘ ሁሉ አከራይ አይደለም። የቀበሌ ቤት የያዘ ሰው ለሦስተኛ ወገን ማከራየት አይፈቀድለትም፤ ከእሱ ጋር የተዋዋላችሁት ወረቀት ወረዳው ፊት አያቆማችሁም። ቤቱ የግል ከሆነም ካርታውን እዩ። ካርታው በሟች ስም ከሆነ፣ በአሮጌ ሰፈር ይህ በጣም የተለመደ ነው፣ ወራሾቹ ሁሉ መፈረም ወይም ለአንዱ ውክልና መስጠት አለባቸው። ትልቁ ልጅ ፈርሞላችሁ ቤቱን አሳምራችሁ ስትጨርሱ፣ ከውጭ አገር የምትመጣው እህት «እኔ አልተስማማሁም» ብትል እውነት አላት።

የኮሪደር ልማት ቢመጣስ?

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ፒያሳን፣ ቀጥሎም ካዛንቺስን ያየ ሰው ይህን ሳይጠይቅ ገንዘብ ማውጣት የለበትም። ቤቱ በመልሶ ማልማት ወይም በመንገድ ማስፋት ክልል ውስጥ መሆን አለመሆኑን በወረዳውና በክፍለ ከተማው ጠይቁ። ጎረቤትን ብቻ አትመኑ፤ ጎረቤት ተስፋውን ነው የሚነግራችሁ።

የምታገኙት መልስ ለዘላለም ዋስትና አይሆንም። ስለዚህ ሁለት ነገር አድርጉ። ቤቱ ቢነሳ ያልተበላው ቅድሚያ ኪራይ በስንት ቀን እንደሚመለስላችሁ ውሉ ላይ ይጻፍ። ከዚያ ደግሞ ገንዘባችሁን በተቻለ መጠን ተነቅሎ በሚሄድ ነገር ላይ አውሉት፤ ጠረጴዛ፣ መደርደሪያ፣ ማቀዝቀዣ፣ ምጣድ፣ የአይዝጌ ብረት ገንዳ ሌላ ቤት ሄደው ያገለግላሉ። ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ሴራሚክ አይሄድም።

ውሉ ላይ ምን ይጻፍ?

አንድም ሚስማር ከመመታቱ በፊት ውሉ ተፈርሞ በውልና ማስረጃ ይረጋገጥ። ብዙ ሰው በ2016 ዓ.ም. የወጣውን የኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ሰምቶ «ሁለት ዓመት ማንም አያስወጣኝም» ብሎ ይተማመናል። አዋጁ ለመኖሪያ ቤት እንጂ ለንግድ ቤት አይደለም። ለናንተ ያለው የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግና እጃችሁ ላይ ያለው ወረቀት ነው።

ይህን በደንብ የተማርኩት ተጎድቼ ነው። ከዚህ በፊት በሌላ ሰፈር የአንድ ዓመት ውል ይዤ ጣሪያ ቀየርኩ፣ ኮርኒስ አሠራሁ። ዓመቱ ሲሞላ አከራዩ ኪራዩን በእጥፍ ጠየቀ። የሚከለክለው አንድ መስመር ውሉ ላይ አልነበረም፤ አዲስ ቆርቆሮዬን ጭንቅላቱ ላይ ትቼለት ወጣሁ።

አሁን ያለሁበት ቤት ውል እንዲህ ነው የተጻፈው። ዘመኑ አምስት ዓመት ነው። ጭማሪው በየስንት ጊዜውና በመቶ ስንት እንደሆነ በቁጥር ተቀምጧል። ለእድሳት ሁለት ወር ኪራይ የማይታሰብበት የእፎይታ ጊዜ አለው። የቤቱ አካል የሆነው፣ ማለትም ቋሚው፣ ጣሪያው፣ አሸንዳው፣ ወጪው የአከራይ ሲሆን እኔ አሠርቼው ከኪራዩ በየወሩ ይቀነሳል። ቀለም፣ መደርደሪያና የወጥ ቤት ዕቃ የኔ ነው። ስወጣ ምኑን እንደምነቅል በዝርዝር ተጽፏል። አከራዬን «እማማ፣ ጣሪያውን ላሠራውና ከኪራዩ ይታሰብልኝ» ብላቸው «ደረሰኙን እያመጣሽ አሳዪኝ እንጂ እኔ ምን ቸገረኝ፣ ልጄ» ነበር ያሉኝ። እውነትም እያንዳንዱን ደረሰኝ አይተው፣ ጀርባው ላይ ፈርመው መለሱልኝ። ደረሰኞቹን ያጠራቀምኩበት ፌስታል ዛሬም አለ።

ከመጀመራችሁ በፊት እያንዳንዱን ክፍል ፎቶ አንሱና ሁለታችሁም ፈርማችሁ ከውሉ ጋር አያይዙት።

የእድሳት ፈቃድ ያስፈልገኛል?

ለቀለምና ለመደርደሪያ ማንም አይጠይቃችሁም። ግድግዳ ማፍረስ፣ በር ማስፋት፣ ጣሪያ መቀየር ወይም የመኖሪያ ቤትን ወደ ምግብ ቤት መለወጥ ግን ፈቃድ ይፈልጋል። ግንባታ፣ ማሻሻያና የአገልግሎት ለውጥ በፈቃድ እንዲሆን የሚደነግገው የሕንፃ አዋጁ ነው። ማመልከቻው በባለይዞታው ስም ስለሚሆን አከራያችሁ አብረዋችሁ መሄድ ወይም ውክልና መስጠት አለባቸው። ይህንንም ውሉ ላይ አስገቡት።

ቤቱ ቅርስ ነው ቢባልስ?

አራዳ ውስጥ በረንዳ የዞረው፣ የጣሪያው ጠርዝ በተፈለፈለ እንጨት ያጌጠ ቤት ካያችሁ በከተማው የባህል፣ ኪነ ጥበብና ቱሪዝም ቢሮ በቅርስነት ተመዝግቦ እንደሆነ ጠይቁ። ከተመዘገበ ያለ ፈቃድ መነካካት በ1992 ዓ.ም. በወጣው የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209 ያስጠይቃል። ካልተመዘገበም ቢሆን ልለምናችሁ፣ እነዚያን እንጨቶች አትንቀሏቸው። እንደዚያ አድርጎ የሚፈለፍል አናጢ ዛሬ ከየት ይገኛል? ደንበኛም በጂብሰም ከተሸፈነ ክፍል ይልቅ እዚያ በረንዳ ላይ መቀመጥ ይወዳል።

ጭቃ ግድግዳውን በሲሚንቶ ላስለስነው?

ከሁሉ በላይ የሚጠየቀው ይህ ነው፤ መልሴም አይሆንም ነው።

እኔ አስለስኜው ነበር። ነሐሴ ላይ አንድ ለሳኝ መጥቶ የወጥ ቤቱን ግድግዳ በሲሚንቶ አስተካክሎ፣ እንደ መስታወት አድርጎ ሄደ። ኅዳር ላይ በጣቴ ስቆረቁረው እንደ ከበሮ ጮኸ። ሳምንት ሳይሞላ የጠረጴዛ ስፋት ያለው ልስን በሌሊት ወድቆ አደረ፤ ሰው ሥሩ ባለመኖሩ አሁንም እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ጭቃ እርጥበት ይጠጣል፣ ደግሞም ያስወጣል፤ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሸበሸባል። ሲሚንቶ አብሮት አይንቀሳቀስም። ከመሬት የሚወጣውን እርጥበትም ውስጥ ዘግቶ ይይዘውና ጭቃውን ከነማገሩ ያበሰብሰዋል።

ጭቃ ቤት ይመረጋል። የላላውን ሁሉ አራግፋችሁ ግድግዳውን ውሃ አርከፍክፉበት፣ ከዚያ በቦካ ጭቃ ምረጉት። ሽማግሌው አናጢ ያመጧቸው ሁለት ልጆች ግቢው ውስጥ ጉድጓድ ቆፍረው አፈሩን ከጤፍ ጭድ ጋር በእግራቸው ረገጡት። በየቀኑ ውሃ እየጨመሩ እየረገጡ አንድ ሳምንት አቆዩት። በሦስተኛው ቀን ሽታው መጣ፣ ጎረቤትም አጉረመረመ፤ በሰባተኛው ቀን ግን እጅ ላይ እንደ ቅቤ የሚለሰልስ፣ ጭዱ ክር ክር ሆኖ የያዘው ጭቃ ሆነ። ያ ምርጊት አልተሰነጠቀም። ከላዩ ኖራ ቀባነው። ኖራ እርጥበት ያሳልፋል፣ ሻጋታም አይወድም።

ወጥ ቤቱ ግን የሚታጠብ ግድግዳ ያስፈልገዋል። እዚያ ከጭቃው ትንሽ ራቅ አድርጋችሁ በራሱ መሠረት ላይ በባለ 10 ሴንቲ ሜትር ብሎኬት ከሰው ደረት ከፍ የሚል ግድግዳ አቁሙና ሴራሚኩን እሱ ላይ ለጥፉ። ቦታ ይበላል፣ ግን አይወድቅም።

የድሮ ዘይት ቀለም ስትፍቁ ደግሞ ሊድ የሚባለው መርዛማ ብረት ሊኖርበት ስለሚችል በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት አትፈግፍጉት። እያረጠባችሁ ፋቁ፣ አፍና አፍንጫ ሸፍኑ፣ ሕፃናትን አርቁ።

የመብራቱ መስመር ይበቃኛል?

ስሌቱን ራሳችሁ ሥሩት። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ወደ 3,500 ዋት ይስባል። ለ220 ቮልት ስታካፍሉት 16 አምፒር ገደማ ነው። ሁለት ምጣድ 32 አምፒር ሆነ። ባለ ሁለት እጅ የቡና ማሽን ሲጨመር ሌላ ምጣድ እንደማለት ነው። አሮጌ ቤት ውስጥ ያለው ሽቦ ለአምፖልና ለሬዲዮ የተዘረጋ ነው፤ አንዳንዱ ሽፋኑ ጨርቅ ሆኖ በጣት ሲነካ ይረግፋል።

ስለዚህ አሮጌውን መስመር አትቀጥሉት፣ አዲስ ዘርጉ። ለእያንዳንዱ ምጣድ ከብሬከሩ ቀጥታ የሚመጣ የራሱ ባለ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ይኑረው፤ ማከፋፈያ ሶኬት ላይ ምጣድ እንዳይሰካ። ኤርዝ፣ ማለትም ያመለጠውን ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚወስደው መስመር፣ ይቀበር፤ አሮጌ ቤቶች ብዙውን ጊዜ የላቸውም፣ ምጣድ ደግሞ በረጠበ እጅ የሚነካ ብረት ያለው ዕቃ ነው። ሦስት ፌዝ ቆጣሪ ካስፈለጋችሁ ለኤሌክትሪክ አገልግሎት በጊዜ አመልክቱ። ሌላው ሥራ ሁሉ አልቆ ቆጣሪ የሚጠብቅ ቤት ብዙ አይቻለሁ።

አቡጀዲ ኮርኒስ ከወጥ ቤት በላይ በፍጹም መቅረት የለበትም። አቧራ፣ የአይጥ ጎጆና ደረቅ ጨርቅ ለብልጭታ የተዘጋጀ ነው። በጥር 2007 ዓ.ም. ጣይቱ ሆቴል ሲቃጠል ያየ ሰው እንጨት የበዛበት ቤት እሳት ሲነካው እንዴት እንደሚሆን ያውቃል። የእሳት ማጥፊያ በሩ አጠገብ ይሰቀል፤ የእሳት አደጋ ስልክ 939ም ሠራተኛው ሁሉ የሚያየው ቦታ ይጻፍ።

ውሃና ፍሳሹስ?

ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ሮቶ ግዴታ ነው። ግን የት እንደምታስቀምጡት አስቡ። የ2,000 ሊትር ሮቶ ሲሞላ ሁለት ቶን ነው፣ ማለትም 20 ኩንታል። ጭቃ ቤት ላይ 20 ኩንታል ጤፍ የሚጭን ሰው የለም፤ ውሃውንም አትጫኑበት። ለብቻው መሠረት ያለው የብረት ማቆሚያ ይሠራለት።

ፍሳሹ ወደ ዋናው መስመር የገባ ነው ወይስ ወደ ጉድጓድ? ጉድጓድ ከሆነ ከስንት ቤት ጋር እንደምትጋሩትና መኪናው መጥቶ ሲመጥ ማን እንደሚከፍል ጠይቁ። ከዕቃ ማጠቢያው ቀጥሎ የቅባት ማስቀሪያ ጉድጓድ አሠሩ፤ ክዳኑ በቀላሉ ይነሳ፣ በየሳምንቱ ይጠረግ። የወጥና የዘይት ቅባት ቧንቧ ውስጥ እንደ ሻማ ይረጋል። የወጥ ቤቱ ወለል ወደ ማፍሰሻው ዘንበል ይበል።

ጭሱን ምን ላድርገው?

ጭስ ማውጫው ከጣሪያው በላይ ይውጣ፣ ወደ ጎረቤት መስኮት አይዙር። ቆርቆሮውን በሚያልፍበት ቦታ እንጨት እንዳይነካ፣ ዙሪያውም ዝናብ እንዳያስገባ ይታሸግ። የቡታጋዝ ሲሊንደር ውጭ፣ ጥላ ያለበት የሚቆለፍ ሳጥን ውስጥ ይቀመጥ። ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ ሲያመልጥ ወለል ላይ ነው የሚተኛው፤ የአየር መግቢያው ከታችም ሊኖር ይገባል። ከሰል በተዘጋ ክፍል አታንድዱ፣ ለቡናም ቢሆን።

መቼ ልጀምር?

የጣሪያና የጭቃ ሥራ ከጥቅምት እስከ ግንቦት ነው። ክረምት ላይ ጣሪያ የከፈተ ሰው ግድግዳውን ያጣል፣ የተመረገውም አይደርቅለትም። ጭድ ጤፍ ከተወቃ በኋላ በታኅሣሥና በጥር በደንብ ይገኛል።

መክፈቻውን ከጾሙ ጋር አገናዝቡት። ክትፎና ጥብስ የሚሸጥ ቤት በዐቢይ ጾም ዋዜማ ከተከፈተ 55 ቀን ኪራይ እየከፈለ ሊቀመጥ ነው። ሽሮና በያይነት የሚሸጥ ደግሞ ከዚያ የተሻለ ጊዜ የለውም። የጾምና የፍስክ ድስት፣ ቢላና ማማሰያ የሚለይበት መደርደሪያ ከእድሳቱ ጋር ይታሰብ፤ በኋላ ቦታ ይጠፋል።

ለሠራተኛ እንዴት ልክፈል?

ዕቃውን ራሳችሁ ግዙ፣ የእጅ ዋጋውን በሥራ መጠን ተነጋገሩ። ቀብድ ትንሽ ይሁን፤ የቀረው ሥራው ባለቀ ቁጥር፣ ካያችሁት በኋላ። የጣሪያው የመጨረሻ ክፍያ ዝናብ እስኪጥል ወይም ባልዲ ውሃ እስኪደፋበት ይቆይ።

ምን ላይ ልቆጥብ?

በርና መስኮት አትጣሉ። የድሮ ሳንቃ ተፍቆ ዘይት ሲጠጣ ከአዲሱ ይበልጣል። ማጠፊያ፣ ብረትና ጣውላ መርካቶ ውስጥ ምናለሽ ተራ ፈልጉ። ወንበርና ጠረጴዛም ያገለገለ ይሁን። በሽቦ፣ በቆርቆሮ ውፍረትና በቧንቧ ላይ ግን አትቆጥቡ፤ የቆርቆሮ ጌጅ ቁጥሩ በጨመረ መጠን ቆርቆሮው እንደሚሳሳ አስታውሱ። ሻጩ 35ን ከ28 አስበልጦ ቢያወራላችሁ እንዳትሸወዱ።

የምግብ ቁጥጥር ሲመጣ ምን ያያል?

የሚታጠብ ወለልና ግድግዳ፣ የእጅ መታጠቢያ ከሳሙና ጋር፣ ንጹሕ ሽንት ቤት፣ ክዳን ያለው ቆሻሻ ማጠራቀሚያ፣ አይጥ የማያስገባ ኮርኒስና በር፣ ጥሬውና የበሰለው የሚለያይበት ቦታ፣ የሠራተኞች ጋውንና የጤና ምርመራ ማስረጃ። ሽንት ቤቱ የግቢ የጋራ ከሆነ አስቀድማችሁ ፍቱት፤ እኔን አንድ ወር ያዘገየኝ እሱ ነው። ወለሉን ከማፍረሳችሁ በፊት ወደ ጽሕፈት ቤቱ ሄዳችሁ መስፈርቱን በወረቀት ውሰዱ፣ ለግንበኛውም ቅጂ ስጡት።

ጎረቤት ቅር ቢለውስ?

ግድግዳችሁ የነሱም ግድግዳ ነው፤ እናንተ ቋሚ ስትነቅሉ የነሱ ኮርኒስ ይንቀጠቀጣል። ሥራው ከመጀመሩ በፊት በየቤቱ ዙሩና መቼ እንደሚጀመር፣ መቼ እንደሚያልቅ፣ የሚሰነጠቅ ነገር ቢኖር እንደምታስተካክሉ ንገሯቸው። የነሱንም ግድግዳ ፎቶ አንሱ። እኔ የጎረቤቴን የመኝታ ቤት ጥግ ሁለት ቀን ሠርቼ መልሼላቸዋለሁ። ጭቃው ሲሸት ያጉረመረሙት እሳቸው ነበሩ፤ ምርጊቱ ሲያልቅ ግን የተረፈውን ለምነው የራሳቸውን ምድጃ መረጉበት።